ቁርጭምጭሚቴ ደጋግሞ ወለም እያለኝ ነው፤ ወጌሻ ዘንድ ልሂድ ወይስ ራጅ ልነሳ?

የእሁዱ ተከላካይ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሳምንቱ መጨረሻ ኳስ የምጫወት የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው እሁድ ኳስ በቴስታ ለማውጣት ዘልዬ ስወርድ ግራ እግሬ የሌላ ተጫዋች ታኬታ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ታጠፈ። ወዲያው በቁርጭምጭሚቴ የውጭ ጎን አንድ ነገር የተበጠሰ ያህል ተሰማኝ። ከሜዳ የወጣሁት በሰው ትከሻ ተደግፌ ቢሆንም፣ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ እያነከስኩ መራመድ ችያለሁ። ማታውኑ አበጠ፤ በማግስቱ ደግሞ ከውጭው አጥንት ሥር እስከ ተረከዜ ድረስ በልዞ አገኘሁት።

ይህንን የምጽፈው ያው እግር ከዚህ ቀደምም በተደጋጋሚ ወለም ስላለኝ ነው። የመጀመሪያው ከበድ ያለ ነበር፤ ሕመሙ ሲጠፋልኝ ወደ ጨዋታ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በኮብልስቶን መንገድ ላይ ስሄድ ወይም ከታክሲ ስወርድ እንኳ ሳይታሰብ እየከዳኝ ይታጠፋል። እናቴ በሰፈራችን የታወቁ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እንድታሽ አጥብቃ ትመክረኛለች፤ ባለቤቴ በበኩሏ ራጅ ሳልነሳ ማንም እንዳይነካኝ ትላለች። በሞቀ የጨው ውሃ እንድነክረው የመከሩኝም፣ በረዶ ብቻ እንድይዝበት የነገሩኝም አሉ። ስብራት አለመኖሩን በምን ማወቅ እንደምችል፣ በእነዚህ ቀናት ምን ማድረግ እንደሚገባኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ እግር ለምን እየተመላለሰ እንደሚታጠፍ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ከጎንደር፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ከተመለሰ ሌሎቹ ይቀልላሉና።

የቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ የተሠራው ከሦስት አጥንቶች ነው። ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ከላይ ወርደው በግራና በቀኝ አንዱን የእግር አጥንት አቅፈው ይይዙታል። በእጅዎ ቢዳስሱት እንደሚያገኙት፣ የውጭው አጥንት ከውስጠኛው ይልቅ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ በዚህም የተነሳ እግር ወደ ውጭ ከመታጠፍ ይልቅ ወደ ውስጥ መታጠፍ ይቀለዋል። በመካከል የታቀፈው አጥንት ደግሞ ፊቱ ሰፊ፣ ኋላው ጠባብ ነው። ጣቶቻችን ወደ ታች ባመለከቱ ጊዜ ወደ መጋጠሚያው የሚገባው ጠባቡ ክፍል ስለሆነ መጋጠሚያው ይላላል። ከዝላይ የሚወርድ ተጫዋች እግሩ መሬት የሚነካው ልክ በዚህ አቀማመጥ ላይ ሳለ ነው፤ ከሥሩ የሰው ጫማ ወይም ጉድጓድ ከተገኘ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በውጭው በኩል ባሉት ጅማቶች ላይ ይወድቃል። እነዚህ ጅማቶች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ የሚጎዳው የፊተኛው ነው፤ ጉዳቱ ሲከፋ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ይከተላል፤ የኋለኛው እምብዛም አይጎዳም። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሰፊና ጠንካራ በመሆኑ የወለምታ አብዛኛው በውጭ በኩል የሚደርስ ነው።

ጅማቱ ሳይቆረጥ ከተለጠጠ ቀላል፣ በከፊል ከተቀደደ መካከለኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ከባድ ወለምታ እንላለን። እርስዎ የገለጹት መበለዝና ያንን የመበጠስ ስሜት ስመለከት መካከለኛ ይመስለኛል፤ ሆኖም በአካል ሳይመረመሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

አሁን ወደ መመላለሱ ልምጣ። ጅማት አጥንትን ከአጥንት ከማሰር ሌላ ሥራም አለው። በውስጡ ያሉ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች እግሩ በምን ያህል እንደተጋደመ በየቅጽበቱ ለአንጎልና ለአከርካሪ ገመድ ይናገራሉ፤ ከባት ውጭ ጎን የሚወርዱት ጡንቻዎችም ያንን መልእክት ሰምተው እግሩ ከመታጠፉ በፊት ወደ ቦታው ይመልሱታል። ጅማቱ ሲጎዳ ይህ የመልእክት መስመር አብሮ ይጎዳል። ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ጅማቱ ግን ጥንካሬውን የሚመልሰው በወራት ነው፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። መልእክቱና የጡንቻው ምላሽ ደግሞ ካልተለማመዱ በራሳቸው ላይመለሱ ይችላሉ። በኮብልስቶን ላይ እግርዎ የሚከዳዎት ጡንቻው ደካማ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ዘግይቶ ስለሚነቃም ነው። በአገራችን ሜዳዎች ሁሉ ሕመም መጥፋቱ እንደ መዳን ይቆጠራል፤ ተጫዋቾች ያለ ዕድሜያቸው ጫማ የሚሰቅሉበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን በሥራዬ ደጋግሜ ስለማየው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ስለ በረዶና ስለ ጨው ውሃ የጠየቁትም ተገቢ ነው። ማረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ ማሰርና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለው የታወቀ ምክር በስፋት የተሰራጨው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ካቀረበው በኋላ ነው። ሚርኪን ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶና ፍጹም ዕረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ የቀድሞ ምክሩን አሻሽሏል። ስለዚህ በረዶን ሕመም ለማስታገስ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙ፣ በባዶ ቆዳ ላይ አያሳርፉት። በቤትዎ በረዶ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። የሞቀ ውሃን፣ አልኮልንና መታሸትን ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያስወግዱ፤ ሦስቱም ደም ወደ ቦታው እንዲጎርፍ አድርገው እብጠቱን ያባብሳሉና። እግርዎን ከልብዎ ከፍታ በላይ በትራስ ደግፈው ይተኙ። ኤላስቲክ ፋሻውን ከጣቶች ሥር ጀምረው ወደ ላይ ይጠቅልሉ፤ ጣቶችዎ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ወዲያው ያላሉት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ አይቡፕሮፌንንና ዲክሎፌናክን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

የወጌሻ ልጅ፦

ወንድሜ፣ አባቴ ወጌሻ ነበሩ፤ እኔም በእጃቸው ሥር አድጌ ዛሬ የታዳጊ ወጣቶች ቡድን አሠለጥናለሁ። እናትህ የመከሩህ ከፍቅር ነውና ቃላቸውን አትናቅ። ይሁን እንጂ አባቴ ያበጠና የጋለ እግር አይነኩም ነበር። የመጣውን ሰው አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ጠርዝ ጠርዙን እየተከተሉ በዝግታ ይዳስሱታል፤ ሰውየው አጥንቱ ላይ ሲነካ ፊቱን ካኮማተረ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ወደ ሆስፒታል ይልኩት ነበር። ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ጠንቃቃ ቢሆን ኖሮ ከሐኪሙ ጋር ጠብ ባልነበረ። ወለምታን «ወደ ቦታው ለመመለስ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን እግሩን የሚስብና የሚጠመዝዝ ሰው ካጋጠመህ ግን ተነስተህ ውጣ፤ በወለምታ ከቦታው የወጣ አጥንት የለምና የሚመለስም ነገር የለም፣ በከፊል የተቀደደውን ጅማት ጨርሶ መበጠስ ብቻ ነው።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦

ከላይ የተጻፈው የአባትዎ ዳሰሳ በሕክምናው ዓለም ከምንሠራበት ዘዴ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ድንገተኛ ክፍሎች የሚሠራበት መመሪያ አለ። ጠያቂያችን እቤታቸው ሆነው ሊሞክሩት ስለሚችሉ በዝርዝር ላስረዳ።

በአውራ ጣትዎ ከውጭው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጫፍ ይጀምሩና በአጥንቱ የኋላ ጠርዝ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደ ላይ እየተጫኑ ይሂዱ፤ በውስጠኛው አጥንት ላይም እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥሎ በእግርዎ የውጭ ጠርዝ መሐል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚሄደው አጥንት የሚያበቃበትን ጎላ ያለ ቦታ ይጫኑ። በመጨረሻም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት የሚገኘውን አጥንት ይጫኑ። ከእነዚህ በአንዱ አጥንቱ ራሱ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ አሁን አራት እርምጃ መራመድ ካቃትዎ ራጅ መነሳት ይገባዎታል። ማነከስ እንደ መራመድ ይቆጠራል። ሕመሙ ከአጥንቱ ፊትና በታች ባለው ለስላሳ ቦታ ብቻ ከሆነና ከተራመዱ ግን የስብራት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ገንዘብዎን ለራጅ ከማውጣት ይልቅ ለፊዚዮቴራፒ ቢያውሉት ይሻላል። ይህ መመሪያ መጠጥ ለጠጣ ሰው፣ እግሩ ለደነዘዘ ሕመምተኛና ለሕፃናት አይሆንም። በማደግ ላይ ባሉ ልጆች አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ «ወለምታ ነው» ተብሎ የታለፈ ጉዳት በእርግጥ የአጥንት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በጣም የሚያሳስበኝ መታሸቱ ሳይሆን መታሰሩ ነው። ባበጠ እግር ላይ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ሲደረግ፣ እብጠቱ ከውስጥ እየጨመረ ማሰሪያው ግን ስለማይለቅ ደም መመላለሱን ያቆማል። ጣቶቹ መጀመሪያ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀጥሎ ይጠቁራሉ፤ ሕመሙ በማስታገሻ የማይመለስ ይሆናል፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሳቸውም ይብሳል። ቤተሰብ «ታግሰህ ጠብቅ፣ ሲድን ነው የሚያመው» እያለ ባስታመመው በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል፤ እግራቸው ተቆርጦ ከሆስፒታል የወጡ ልጆች በአገራችን አሉ። ስለዚህ ማንም ያሰረው ማሰሪያ ይሁን፣ በሆስፒታል የተደረገ ጄሶም ቢሆን፣ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ሌሊት ነው ሳይባል በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት።

የእሁዱ ተከላካይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተነገረኝ አጥንቶቹን ተጭኜ ሞከርኩ፤ አጥንቱ ላይ ሕመም የለም፣ ከውጭው አጥንት ፊትና በታች ግን በጣም ያማል። አራት እርምጃ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ እያነከስኩ እየዞርኩ ነው። እናቴም የወጌሻው ልጅ የጻፉትን ሳነብላት መታሸቱ ይቆይ ብላ ተስማምታለች። የቀሩኝ ጥያቄዎች ልምምዱን ከየት ልጀምር፣ ፋርማሲ የሚሸጠው የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ይጠቅማል ወይስ እግሬን ያሰንፋል፣ እንዲሁም ወደ ሜዳ መመለስ የምችለው መቼ ነው የሚሉት ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስት ከጎንደር፦

እንኳን አጥንትዎ ተረፈ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የእርስዎ ነው።

ሕመሙ በፈቀደልዎ መጠን ከዛሬ ጀምሮ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ወንበር ላይ ተቀምጠው በአውራ ጣትዎ ጫፍ ፊደላትን በአየር ላይ ይጻፉ፤ ከሀ እስከ ሆ፣ ከለ እስከ ሎ እያሉ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢያደርጉት መጋጠሚያው ሳይደርቅ እብጠቱ ይቀንሳል። ክራንች ካስፈለገዎትም ይጠቀሙ፤ ነገር ግን እግሩን አንጠልጥለው ሳይሆን በከፊል እያስረገጡ ይሂዱ። ጉዳቱ ከባድ በሆነባቸው ሰዎች ላይ ለአሥር ቀን ያህል ጄሶ ወይም ቡት ማድረግ ሊጠቅም ይችላል፤ ከዚያ በላይ ማሰር ግን ጡንቻውን ከማሟሸሽ በቀር ትርፍ የለውም።

እብጠቱ ሲቀንስ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ይፈልጉ። አንዱን ጫፍ በጠረጴዛ እግር ላይ አስረው ሌላውን በእግርዎ መዳፍ ላይ ያጥልቁና እግርዎን ወደ ውጭ እየገፉ በዝግታ ይመልሱ። ይህ ከባት ውጭ ጎን ያሉትን፣ ቀደም ሲል ዘግይተው ይነቃሉ ያልኳቸውን ጡንቻዎች ያጠነክራል። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው በጣቶችዎ ቆመው መውረድን በሁለት እግር፣ ኋላም በአንድ እግር ያድርጉ።

ዋናው ግን በአንድ እግር መቆም ነው። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ አጠገብ በተጎዳው እግር ለ30 ሰከንድ ይቁሙ። እግርዎን ዝቅ ብለው ቢመለከቱት ጅማቶቹ በቆዳዎ ሥር ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ ያያሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ የመልእክት መስመሩ ዳግም ሥራ መጀመሩ ነውና አይፍሩት። ሳይቸገሩ ከቆሙ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩ፤ እሱም ሲለመድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቆመው፣ በመጨረሻም ሰው የሚወረውርልዎትን ኳስ እየያዙ ያድርጉት። ጥርስ እየፋቁ ማድረግ ስለሚቻል ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ምክንያት የለውም። በኔዘርላንድስ ወለምታ በደረሰባቸው ስፖርተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለ የሚዛን ልምምድ እቤት ውስጥ ለ8 ሳምንታት ያደረጉት ሰዎች ጉዳቱ የመመለስ ዕድሉ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ለአንድ ሳንቲም ወጪ የሌለው ሕክምና ይህን ያህል ሲሠራ ተጫዋቾቻችን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል።

መደገፊያውን በተመለከተ፣ ቀደም ሲል ለተጎዳ እግር ጠቃሚ ነው፤ እግርን ያሰንፋል የሚለውም ስጋት በጥናት አልተደገፈም። ማሰሪያ ያለውን ዓይነት ይምረጡ፣ በጨዋታ ጊዜም ቢያንስ ለመጪው አንድ ዓመት ይልበሱት። ፕላስተር ግን ጨዋታ ከተጀመረ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስለሚላላ ብቻውን አይበቃም። ልምምዱን ትተው መደገፊያውን ብቻ ከታመኑ ግን ከሜዳ ውጭ፣ ያ ኮብልስቶን ላይ፣ ምንም አላገኙም።

ለመመለስ ቀን አልቆርጥልዎትም፤ የሚወስነው እግርዎ ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው፣ ተረከዝዎን ሳያነሱ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ያስነኩ፤ ከዚያ ጣትዎ ከግድግዳው በምን ያህል ርቆ ይህን ማድረግ እንደሚችሉ ሁለቱንም እግሮች ያነጻጽሩ። የተጎዳው እግር ከጤነኛው የሚያንስ ከሆነ መጋጠሚያው ገና አልተፈታም። በአንድ እግር ወደ ፊትና ወደ ጎን መዝለል፣ በፍጥነት ሮጦ መዞር ሕመም ሳያስከትልብዎትና ሳያመነቱ ሲችሉ ከቡድንዎ ጋር ልምምድ ይጀምሩ፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። መካከለኛ ወለምታ በተለምዶ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ሦስት ወር ያህል በእውነት ሠርተው እግሩ አሁንም የሚከዳዎት ከሆነ የአጥንት ስፔሻሊስት ይዩ፤ የተቀደደውን ጅማት በቀዶ ሕክምና መጠገን የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች አሉና። ሕመሙ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መካከል ከሆነም ሌላ ዓይነት ጉዳት ስለሆነና ከዚህ ብዙ የረዘመ ጊዜ ስለሚወስድ አይጠብቁ።

የወጌሻ ልጅ፦

በቡድን ደረጃ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ፊፋ 11+ የተባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም፣ በአንድ እግር መቆምንና ከዝላይ በትክክል መውረድን ያስተምራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልተሠራ ግን ፋይዳ የለውም። ልጆቹ በመጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ አሠልጣኙ ከጸና ይለምዱታል። ሜዳውን ከጨዋታ በፊት እየዞሩ ጉድጓድና ድንጋይ ማየትም የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ልጃቸው ነኝ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ የስኳር ሕመም ካለባቸውም ቆይቷል። ሰሞኑን ከደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ጠመም እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ ቁርጭምጭሚታቸውና የእግራቸው መሐል አብጦ ቀልቷል፣ ሲነካም ይሞቃል፤ እሳቸው ግን ብዙም አያመኝም እያሉ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሱ ነው። እኔም እነዚያን አጥንቶች ስጫንባቸው አላመማቸውም። ወለምታ ነው ብለን እንጠብቅ?

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦

እህቴ፣ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። የአጥንት መጫኑ ዘዴ እግሩ ለደነዘዘ ሕመምተኛ አይሆንም ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ለእናትዎም አይሠራም፤ ስኳር ለብዙ ዓመታት የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ የተሰበረ አጥንት እንኳ ላያማቸው ይችላል። የቀላ፣ የሞቀና ያበጠ እግር ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሲገኝ፣ አጥንቶቹ እየደከሙ የሚፈርሱበት ከስኳር ጋር የተያያዘ ሕመም መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጁ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል፣ ራጁ ጥሩ ነው ተብለው ቢመለሱም እብጠቱና ሙቀቱ ካልቀነሰ ዳግም ይሂዱ። እስኪታዩ ድረስ በዚያ እግር እንዳይቆሙ ያድርጉ። አይታሹ፤ በሞቀ ውሃም አይነከሩ፣ ሙቀቱ ስለማይሰማቸው ቆዳቸው ይቃጠላልና። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ከሁሉ በፊት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ይናገሩ፤ ሁለቱንም ጫማና ካልሲ አስወልቀው እግሮቻቸውን ጎን ለጎን እንዲያዩላቸው፣ የጣቶቻቸውንም መካከል ለቁስል እንዲመረምሩላቸው ይጠይቁ።